ባዶ ነው ብለን

ሰቃ፣ ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰሎሜ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጄ ወንድወሰንስ እንዴት ነው? የልጅ ልጄ ትንቢትስ? ከሁሉ አስቀድሜ እሷን ብጠይቅ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ሥርዓት ነውና ተራዋ እስኪደርስ ጠበቅሁ። እኛ ተመስገን ደህና ነን። ውብነሽ ጉልበቷን ከማማረር በቀር ምንም አልሆነች፤ ጉልበቷንም የሚያማት እኔ የሆነ ነገር አምጪልኝ ስላት ብቻ ነው። ቡናው ግማሹ ደርቆ ገብቷል፣ የቀረው ማድረቂያው አልጋ ላይ ተሰጥቷል። ጆሮዬም እንዳለ ነው። ወንድወሰን የገዛልኝ ስልክ እንደ ንብ ከመጮህ አልፎ አንድ ቃል አልወጣውም። ስለዚህ ሀምዳን ሚኒባሱን እስከነዳ ድረስ እኔና አንቺ በወረቀት መነጋገራችን ነው።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ የተሳሳትኩ መስሎኝ መነጽሬን ወልውዬ እንደገና አየሁት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከፋኝ። ባልሽ ያደገው በዚህ ቤት ነው። ጠመንጃው ከአልጋዬ ራስጌ ተሰቅሎ፣ እሱ ከሥሩ ሲሯሯጥ ነው ያደገው። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ሰው "ሣህሉ፣ መሣሪያህን የት ነው የምታስቀምጠው?" ብሎኝ አያውቅም። ዛሬ ምራቴ ትጠይቀኛለች!

ከጠየቅሽ ዘንድ ልመልስልሽ። ጠመንጃው እዚያው የተለመደ ቦታው ላይ ነው። ጥይቱ የሚደረደርበትን ካርታ ነቅዬ ከፍራሹ ሥር አኖረዋለሁ፤ ካርታ የሌለው ጠመንጃ ደግሞ ከዱላ አይለይም። ደግሞም ሁልጊዜ እኔ ዘንድ አይደለም። የቡናው ጥበቃ በየሳምንቱ ተራ ስለሆነ፣ አንድ ሳምንት እኔ፣ አንድ ሳምንት ጎረቤታችን ሸኩር እንይዘዋለን። ትንቢትን እንዳትነካው ነግሬያታለሁ፤ እሷም "እሺ አባባ" ብላኛለች። ቃሏን ትጠብቃለች፤ በዚህ እኔን ነው የምትመስለው።

የትምህርት ቤቱ ዕረፍት ሲጀምር ላኪልኝ። አምና ቡናውን ስታገላብጥ የያዘችው እንጨት ረዝሞባት ስለነበር አጠር ያለ ቆርጬላታለሁ። የሸኩር ልጅ ፊርዶስም "መቼ ነው የምትመጣው?" እያለች ደጄን አስለቅቃኛለች።

ቢከፋውም አባትሽ የሆነው፣
ሣህሉ


ጅማ፣ በቾ ቦሬ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባባ፣

እርስዎም እማማ ውብነሽም እንደምን አላችሁ? የእማማ ጉልበት ሰበብ ሳይሆን በእውነት ሊያማቸው ስለሚችል ቅባት ልኬያለሁ፤ ከሀምዳን ይቀበሉ።

አባባ፣ ስላስከፋሁዎት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስለጠየቅኩዎት ግን ይቅርታ ብል ውሸት ይሆንብኛል። እርስዎን ለይቼ የጠየቅኩ አይምሰልዎት። ልጄ የምትውልበትን ቤት ሁሉ እጠይቃለሁ። ከእኛ በላይ ካለው ግቢ ጡረታ የወጡ የፖሊስ ባልደረባ አሉ፤ ትንቢት ከልጅ ልጃቸው ጋር ትጫወታለች። እሳቸው ጋ ስሄድ እፍረቱ ገድሎኝ ሙዝ ገዝቼ፣ ሙዝ ላደርስ የመጣሁ መስዬ ገባሁ። ስጠይቃቸው ሳቁብኝ። ከዚያ ግን እጄን ይዘው ወደ ጓዳ አስገቡኝና የብረት ሣጥናቸውን አሳዩኝ። ካርታው ቢነቀልም ጠመንጃው ውስጥ አንዲት ጥይት ልትቀር እንደምትችል የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። "ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው" አሉኝ። ማቀባበያውን ስበው ወደ ውስጥ ካላዩ ባዶ ነው ማለት አይቻልም።

ለምን እንዲህ እንደሆንኩ አልነገርኩዎትም። በመስከረም ከማስተምራቸው የሁለተኛ ክፍል ልጆች አንዱ ሳይመለስ ቀረ። አጎቱ ቤት፣ በጠመንጃ ነው የሆነው። ዝርዝሩን አልጽፍም። እናቱ ደብተሩን ልትወስድ መጥታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። እሱም "እሺ" የሚል ልጅ ነበር አባባ። በክፍሌ ውስጥ እንደሱ ታዛዥ አልነበረኝም።

እንግዲህ የምለምንዎት ይህን ነው። ጠመንጃው ይቆለፍበት። ጥይቱ ሌላ ቦታ ይቀመጥ። ቁልፉ እርስዎ ጋ ይሁን። አንድ ደግሞ አለ፦ ጠመንጃው ከጋሽ ሸኩር ቤት ሲመለስ ከፍቶ የሚያየው ማነው?

ወንድወሰን ይህን መጻፌን አያውቅም። "አባቴን እንዲህ ያለ ነገር አይጠይቁትም" ብሎኛል። እኔ ደግሞ ልጄን ሳልጠይቅ አልልካትም።

አክባሪዎ ልጅዎ፣
ሰሎሜ


ሰቃ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰሎሜ ልጄ፣

ጥምቀት እንዴት አለፈ? ትንቢት ነጭ ቀሚሷን ጭቃ ሳታስነካ ተመለሰች? አልልም። እኛ በሰላም አክብረናል።

ስለዚያ ተማሪሽ የጻፍሽውን ለውብነሽ ሳነብላት መነጽሬ ተበላሸብኝ ብዬ አቋረጥኩ። ጠዋት ተነስቼ አናጢው ዘንድ ሄድኩ።

የዋንዛ ሣጥን ነው ያሠራሁት፤ ማዕዘኑ ሁሉ በብረት የታሰረ። ቁልፉን ሀምዳን ከጅማ መርካቶ አመጣልኝ። መክፈቻውን ከማተቤ ጋር አሰርኩት፤ ስታጠብም ስተኛም ከአንገቴ አይወርድም። ውብነሽ አይታኝ "ወዲያኛው ቤት ስትደርስ ጴጥሮስ ተፎካካሪ መጣብኝ ብሎ እንዳያባርርህ" አለችኝ። ጥይቱን ደግሞ እሷው የልብስ ሣጥኗ፣ ካፌሻዋ ውስጥ ቆልፋበታለች። የዚያን መክፈቻ ቦታ በትዳር ዘመኔ ሁሉ ፈልጌ አላገኘሁትም፤ ስለዚህ ከትንቢትም ከእኔም የተጠበቀ ነው።

የመጨረሻዋን ጥያቄሽን ግን ተይኝ። ስለማታውቂው ልንገርሽ። ሸኩር ጠመንጃውን ሲያመጣ ካርታውን ለብቻ፣ ጠመንጃውን ለብቻ በሁለት እጁ ይሰጠኛል። እኔም በሁለት እጄ ተቀብዬ አመስግኜ አስገባለሁ። እኔም ሳስረክበው እንዲሁ ነው። እሱ ቆሞ እያየኝ ማቀባበያውን ስቤ ውስጡን ብመለከት "ቃልህን አላመንኩም" ማለቴ ነው። ይህ ሰው የልጄ ሠርግ ላይ ድንኳን ሲተክል ያደረ፣ ስታመም በጀርባው አዝሎ መኪና መንገድ ያደረሰኝ ሰው ነው። በሄደ ጊዜ ደብቄ ልየው ብል ደግሞ ያው ነውሩ ይብሳል፤ ፊት ለፊቱ ያፈርኩበትን ከጀርባው መሥራት ይሆናል። እሱም እኔ የሰጠሁትን ከፍቶ አይቶ አያውቅም።

ሌላውን ሁሉ እንዳልሽ አድርጌያለሁ። አሁን ልጅቷን ላኪያት።

አባትሽ ሣህሉ


ጅማ፣ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባባ፣

የጴጥሮስን ነገር ሳነብ ብቻዬን ስቄ ወንድወሰን ምን ሆንሽ ብሎ መጣ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሣጥኑን ያሠሩት ለትንቢት ብቻ ሳይሆን ለእኔም ልብ ነው፤ ይህን አልረሳውም።

ግን አንዷ ቀርታለች፣ አባባ፤ ያቺ አንዷ ከቀረች ሌላው ምን ያደርግልኛል? ጋሽ ሸኩርን የምጠረጥር አይምሰልዎት። ደክሞት፣ ወይ ሰው ጠርቶት፣ አንድ ቀን ሊረሳ ይችላል። የሚረሳ ሁሉ ክፉ ሰው አይደለም። እኔ ስንት ቀን ምድጃ ላይ ወጥ ጥጄ ረስቻለሁ።

ካፈሩ በእኔ ያሳብቡ። "ይህች ምራቴ አላስቀምጥ አለችኝ፣ ካልተከፈተ ልጄን አልልክም ብላለች፣ እስቲ እንያት" ይበሉት። ሁለታችሁም ሳቁብኝ። "የከተማ ሴት" በሉኝ። ስሜ ቢጠፋ ግድ የለኝም።

ትንቢት ቦርሳዋን ካዘጋጀች ሰነበተች። ጠዋት ጠዋት ቦርሳው ላይ ተቀምጣ ቁርሷን ትበላለች። ወንድወሰን ደግሞ ቃል ሲያወጣ ከልጁ ጋር ብቻ ነው። እዚህ ቤት ክፉዋ እኔ ሆኛለሁ፤ ልሁን። ከፍተን አየነው ብለው ሁለት መስመር ይጻፉልኝና በነጋታው ከሀምዳን ጋር ትመጣለች።

ልጅዎ ሰሎሜ


ሰቃ፣ ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰሎሜ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ሁላችንም ደህና ነን።

ትንቢትን ለጊዜው አትላኪያት። ጉንፋን ገብቷል፣ ልጅ ላይ ይበረታል። ስለ ሸኩር ያልሽውን ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። ቅባቱ ደርሶናል፣ ውብነሽ ታመሰግናለች።

ትልቁ ሆስፒታል ከእናንተ ቤት ምን ያህል ይርቃል? በእግር የሚኬድ ነው? ለሰው ነው የጠየቅሁት።

ሣህሉ


ጅማ፣ ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፣

ሰላምታዬ ካጠረ አይቀየሙኝ። ተናድጄ ነው የምጽፈው።

ደብዳቤዎ ውስጥ አንድ ቀልድ አጣሁ። እርስዎ ጉንፋን ላይ ቀልድ የማያጡ ሰው ነዎት። ያቺ የሆስፒታል ጥያቄ ደግሞ አላስቀምጥ አለችኝ። ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ወደዚያው ሄድኩ። ማንን ብዬ እንደምጠይቅ እንኳ አላውቅም ነበር። የጋሽ ሸኩርን ሚስት ከድጃን ኮሪደሩ ላይ፣ ከልጇ ክፍል ደጃፍ አገኘኋት። ስታየኝ "አንቺ ማን ነገረሽ?" አለችኝ።

እርስዎ ቅዳሜ "ሁላችንም ደህና ነን" ብለው ሲጽፉልኝ፣ ፊርዶስ ከሐሙስ ጀምሮ እዚህ ተኝታለች!

ከድጃ የነገረችኝ እንዲህ ነው። እንግዳ ሊመጣ ነበር። ፊርዶስን "ወንበሩን አሰናጂ፣ ምንጣፉን ዘርጊ" አለቻት። ጠመንጃው ወንበሩ ላይ ተጋድሞ ነበር፣ ካርታው መስኮቱ ላይ። ልጅቷ ልታነሣው ነው የያዘችው። ልትጫወትበት አይደለም፤ ከምንጣፉ ልታርቀው ነው። "እንዳትነኪው" ተብላ ያደገች ልጅ ናት፣ የዚያን ቀን ግን ሥራ ታዛለች፣ ሥራዋን ሠራች። ሲባርቅ ያገኘው ግራ እጇን ነው። ሁለቱን ጣቶቿን ማትረፍ አልተቻለም። ሌላው ይድናል ብለዋል።

ከድጃ ይህን ስትነግረኝ መጀመሪያ ወደ ልቤ የመጣው ምን እንደሆነ ያውቃሉ? "እንኳን ትንቢት አልሆነች።" የሰው ልጅ አልጋ አጠገብ ቆሜ! እናቲቱ ፊቴ ላይ ያየችው መሰለኝና ቀና ማለት አቃተኝ። እሷ ግን ከያዘችው ዳቦ ቆርሳ "ብዪ፣ ሳትበዪ ነው የመጣሽው" አለችኝ።

አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፣ አይደብቁኝ። ጥይቷ የማን ነበረች?

ሰሎሜ


ሰቃ፣ ጥር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰሎሜ ልጄ፣

የእኔ ነበረች።

ተራው የእኔ ነበር። እሑድ ጎህ ሲቀድ ከቡናው አልጋ አጠገብ ሰዎች አየሁና አቀባበልኩ። ሰዎቹ መንገደኞች ነበሩ፤ ሰላም ብለውኝ አለፉ። እኔም ካርታውን ነቀልኩና በቃኝ፤ የገባችውን ጥይት አላወጣሁም። ሰኞ ለሸኩር በሁለት እጄ ሰጠሁት። እሱም በሁለት እጁ ተቀበለኝ። አልከፈተውም። እኔ ስለሆንኩ ነው ያልከፈተው።

ደብዳቤሽ ኪሴ ውስጥ ነበር። "በምራቴ አሳብቤ ልክፈተው" ብዬ ቆርጬ ነበር፤ ግን ያሰብኩት እሱ መልሶ ሲያመጣልኝ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ሸኩርን እንዴት አድርጌ ልጠርጥረው እያልኩ ስጨነቅ፣ እኔን መጠርጠር ለእኔም አልታየኝ፣ ለእሱም አልታየው። አንቺ ብቻ ነበርሽ የጠየቅሽው፤ አንቺም የጠየቅሽው ስለ እሱ ነው። ካርታ የሌለው ጠመንጃ ከዱላ አይለይም ብዬሽ ነበር። ይህን የጻፍኩበትን እጄን ሳየው ያስጠላኛል።

ለምን ደህና ነን እንዳልኩ ልንገርሽ። እጄ ሌላውን አልጽፍ አለኝ። እንድታውቂ ፈልጌ ነበር፣ ከእኔ እንድትሰሚው ግን አልቻልኩም፤ ለዚያ ነው የሆስፒታሉን መንገድ የጠየቅሁሽ። ራሴ ሄጄ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ጠመንጃው አሁን ፖሊስ ጋ ነው። ሸኩር ዘንድ ሽማግሌ ልኬያለሁ። ራሴ ግን ደጁን መርገጥ አልቻልኩም። ፊርዶስ በየቀኑ አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ "አባባ ሣህሉ!" ትለኝ የነበረበትን ቦታ ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ።

ውብነሽ አታናግረኝም። ልክ ናት።

ትንቢትን ላኪ ብዬ ደግሜ አልጠይቅሽም። ልጄ፣ አንቺ ክፉ አልነበርሽም።

ሣህሉ


ጅማ፣ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባባ፣

እግዚአብሔር ያጽናዎት። እማማን ሰላም ይበሉልኝ፤ እንዲያናግሩዎትም ለምኛቸዋለሁ ይበሉልኝ።

ፊርዶስ ከሆስፒታል ወጥታለች። ቁስሉ በየጊዜው ስለሚታሸግ እዚሁ እንድትቆይ ተባለ፤ ስለዚህ እሷና ከድጃ እኛ ቤት ናቸው። ሁለቱ ልጆች አንድ አልጋ ላይ ይተኛሉ፤ ትንቢት ፋሻዋን እንዳትነካባት ከግድግዳው ተጣብቃ ነው የምታድረው። ትናንት ፊርዶስ ፀጉሯን በአንድ እጅ ለመሥራት ስትሞክር ትንቢት አይታ ሌላኛውን ጉንጉን ያዘችላት። እኔ ወጥቼ ጓሮ አለቀስኩ።

ጋሽ ሸኩር ዓርብ ከስግደት በኋላ መጥቶ ነበር። ስልክ ለእርስዎ እንደማይሆን ስለሚያውቅ "ጻፊለት" አለኝ። እንዳለው እጽፋለሁ፤ አንድ ቃል አልጨመርኩም።

"ጋሽ ሣህሉን እንዲህ በይው። ሽማግሌ የሚልክብኝ እኔ ምኑ ሆኜ ነው? አጥር እንኳ በቅጡ የለንም አቦ! ራሱ ይምጣ። ወላሂ ተናድጄበታለሁ፣ አልዋሽም። በራሴም ተናድጃለሁ። በእጄ ነበር፣ ብስበው ይታየኝ ነበር፤ አፍሬ ተውኩት። ልጄ ስታድግ ለምን አላየኸውም ብትለኝ ጋሽ ሣህሉን አፍሬው ነው እላታለሁ? ማሎ፣ እባክሽ፣ ይሄ ምን መልስ ነው?"

ይህን ብሎ ሊሄድ ተነሣ። ከዚያ "የውብነሽ ጉልበትስ እንዴት ነው?" ብሎ ጠየቀኝ።

እኔም አልተቆጣሁም ብል እዋሻለሁ፤ ግን የእርስዎ ብቸኝነት ከቁጣዬ በለጠብኝ። ሄደው ያናግሩት። ስለ ትንቢት አባባ፣ ገና አልቻልኩም። ቦርሳዋን ፈትቼ ልብሷን ስመልስ ለምን አላለችኝም፤ ያ ይበልጥ አመመኝ። ስችል እነግርዎታለሁ።

ሰሎሜ


ሰቃ፣ የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰሎሜ ልጄ፣

ሸኩር ቤት ሄድኩ። የተባባልነውን አልጽፈውም፤ አብዛኛውም ቃል አልነበረም። ውብነሽ ከእኔ ጋር መጥታ እሷም እዚያ ነው መናገር የጀመረችው፤ መጀመሪያ የተናገረችው "ተነሥ፣ ሰውየውን አስለቀስከው" የሚል ነው።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ ትናንቱ ነው። የቡናው ጠባቂዎች ሁሉ ተሰብስበን ነበር። የእኔ ጠመንጃ ስለተያዘ ተራውን በኸይሩ ጠመንጃ ልንቀጥል ነው፤ ኸይሩን ታውቂዋለሽ፣ ከወንዙ ማዶ ያለው። የሳምንቱ ተረኛ ሸኩር ነበር። ኸይሩ እንደ ወጉ በሁለት እጁ ዘረጋለት።

ሸኩር እጁን አልዘረጋም።

"ክፈትልኝ" አለው።

ሁሉም ጸጥ አለ። ጆሮዬ እንደምታውቂው ነው፣ ያን ጸጥታ ግን እኔም ሰማሁት። ኸይሩ ፊቱ ተለዋወጠ። "ማሊፍ?" አለው፣ ለምን ማለቱ ነው። "እኔን ነው የምትጠረጥረው? ሰው ፊት?"

ሸኩር ድምፁን ከፍ አደረገ፤ እንድሰማው ብሎ ይመስለኛል። "አንተን አልጠረጥርም ወንድሜ። ጋሽ ሣህሉንም አልጠረጥርም ነበር" አለ።

ልጄ፣ በሕይወቴ እንደዚያች ቃል የከበደችኝ የለም። መሬት ብትከፈትልኝ እገባ ነበር። ግን ሰው ሁሉ ወደ እኔ ሲዞር መሸሽ እንደሌለብኝ ገባኝ። ተነሣሁና "እውነቱን ነው። ክፈተው ኸይሩ። ለእኔም የሚሰጠኝ ካለ ይክፈትልኝ፣ እኔ ስሰጥም አስከፍቱኝ" አልኩ። ኸይሩ አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጎ ማቀባበያውን ሳበው። ሸኩር ጎንበስ ብሎ አየ፣ ጣቱን አስገብቶ ዳሰሰ። ከዚያ ለእኔ አሳየኝ፣ እኔም ለሚቀጥለው ተረኛ አሳየሁ። ባዶ ነበር። ኸይሩ አልተቀየመም፤ ሲበታተኑ ከሸኩር ጋር ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ሄዱ። ይህን ያህል ቀላል ነበር። ይኸው ነው የሚያቃጥለኝ።

የእኔን ጠመንጃ ቢመልሱልኝ እወስደው እንደሆነ ገና አላውቅም። የኸይሩ ግን በየቤቱ መዞሩ አይቀርም፤ እንግዲህ ሣህሉ አንዴ ተምሯል ብለሽ እንዳታምኚኝ። ሰው ይረሳል ብለሽኛል፤ እኔ ደግሞ ሽማግሌ ነኝ።

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። ፊርዶስ ስትመለስ ትንቢት ልትሸኛት አልቅሳለች፣ አንቺም ይዘሻት ልትመጪ አስበሻል። ታድሪ እንደሆነ ወይም በዚያው ቀን ትመለሺ እንደሆነ አልወሰንሽም። አልገፋሽም። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ከሚኒባሱ ስትወርጂ ሁላችንም ደጅ ቆመን እንጠብቃችኋለን፤ ሸኩርም፣ ኸይሩም፣ ልጆቹም ይኖራሉ። አትሳሚኝ፣ እንደምን አሉም አትበይኝ። የልጅቷን እጅ እንደያዝሽ፣ ሁሉም እየሰሙ፣ መሣሪያው የት ነው የሚቀመጠው የሚለውን ያን የመጀመሪያ ጥያቄሽን ጮክ ብለሽ ጠይቂኝ። መልሴ ካላረካሽ ያው ሀምዳን መኪናውን ሳያዞር ይዘሻት ተሳፈሪ።

ሰላምታው ከዚያ በኋላ ይደርስልናል።

አባትሽ ሣህሉ